ሦስት፣ ግን በማን ክንድ?

እንደ ቁጥር ያለ አስመሳይ የለም። «ሦስት» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ ታምናላችሁ፤ «ሦስት ምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ይባላል። እኔን ያዋረደኝ ግን ነገረኛ አለመሆኔ ነው።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ስልኬና ችኮነቴ ናቸው። ያወቅሁትን ለሰው ካላስረዳሁ ደግሞ ያሳክከኛል። እናም ደብረ ታቦር ገበያ ጋቢ የሚሸጡት እትዬ ዘውዴ «ለእኔም እንደ ሰው ድረ ገጽ ሥራልኝ» ቢሉኝ ሠራሁላቸው። በማውሱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጎማ ጠቅ ሲያደርጓት ሳይሆን ሲያሽከረክሯት አንዱ ጋቢ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። በእኔ ኮምፒውተር እንደ ቅቤ ነበር።

ፈተናው መጣ። ከአርባ ምንጭ መጥተው ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ አንድ ረጅም መምህር ለሠርጋቸው ሽማግሌዎች ጋቢ ሊያዙ ነው፤ ካልወደዱ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። ሱቁ ውስጥ አሮጌ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ማውስ ሰክተው ጎማዋን አዞሩ። ጋቢው ነቅነቅ ብሎ ቆመ። አዞሩ፣ አዞሩ፤ ጥለቱ እንኳ አላለፈም።

«ጋቢው ተኝቷል እንዴ፣ እትዬ?» አሉ።

እትዬ ዘውዴ አዩኝ። አስተያየታቸውን አልተረጉምላችሁም።

«ቀላል ነው!» አልሁና ጀመርሁ። ጎማዋ ስትዞር ብሮውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ለገጹ «ይህን ያህል ሂድ» ብሎ ቁጥር ይነግረዋል። የእኔው ብሮውዘር በስክሪን ነጥብ ቆጥሮ «መቶ» ይላል፤ የመምህሩ በጽሑፍ መስመር ቆጥሮ «ሦስት» ይላል። ገጼ መስፈሪያውን ሳይጠይቅ ሦስቱን መስመር ሦስት ነጥብ አድርጎት ቁጭ!

መምህሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ምሳሌ ጨመርሁ።

«ልክ እንደ ጋቢ ነው፣ መምህር። ስምንት ክንድ ሲባል በእትዬ ዘውዴ ክንድ ሌላ፣ በእርስዎ ክንድ ሌላ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መምህሩ መጀመሪያ የራሳቸውን ረጅም ክንድ፣ ቀጥለው የእትዬን አጭር ክንድ አዩ።

«ገባኝ» አሉ። እንዲህ የገባው ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። «እንግዲያው በእኔ ይለካልኝ።»

«እንዲያው ምን ምላስ ነው የሰጠህ አንተ!» አሉኝ እትዬ በሹክሹክታ።

ትእዛዙስ ተገኘ፤ በመምህሩ ክንድ፣ በዚያው ዋጋ። እኔም ገጹን አስተካከልሁት፤ አሁን ከቁጥሩ በፊት መስፈሪያውን ይጠይቃል፣ በየትኛውም ብሮውዘር እኩል ይሄዳል። እትዬ ዘውዴ ራሳቸው አሽከርክረው አዩት፤ መረቁኝም። መርቀው ሲያበቁ ግን ከጋቢዎቹ ሁሉ በላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንድ ነገር እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍሁ፦

«ክንዱ የሻጭ ነው።»