ስም ያልወጣለት ክብ ነገር

«ስሙን የማታውቂውን ነገር ቤት አታስገቢ።»

ይህን ያለችኝ አክስቴ ናት፤ ጉደር ከተማ ሳለሁ፣ ገና የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ፣ ከመንገድ ዳር ያገኘሁትን አንድ የሚያብረቀርቅ ብረት በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ ስገባ። ከእጄ ነጠቀችና በአጥሩ ላይ አሻግራ ወረወረችው። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። አክስቴ ይህን ሕጓን ለብረት ብቻ ሳይሆን ለሰውም ትጠቀምበት ነበር። ካደግሁ በኋላ ገመቹ የሚባል ሰው ሊያገባኝ ይፈልጋል ስላት ስለ ደመወዙም ስለ ጠባዩም አልጠየቀችኝም። የአባቱን ስም ነገርኳት፣ የአያቱን ስም ነገርኳት፤ በቃት። ሰውየው ገባ።

ችግሩ፣ ሰውየው ብቻውን አልገባም።

እስቲ እናንተም ይህን ማንበባችሁን ለአፍታ ተዉና ከቤታችሁ አንዱን መሳቢያ ክፈቱ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሽቦ አለ። ቴሌቪዥኑ ከሞተ በኋላ ብቻውን የቀረ ሪሞት አለ። የማን ስልክ እንደሆነ ማንም የማያስታውሰው ቻርጀር አለ። እንጣለው ሲባል «አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» የሚል ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። ያ አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ቢመጣም ዕቃው የዚያን ዕለት አይገኝም። በሌላው ሰው ቤት ነገሩ በዚሁ ያበቃል። የእኔ ባል ግን መሳቢያውን ማኅበር አደረገው።

ገመቹ ቀን ቀን የሚሠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አያድርም ይሉኛል። ቤት ሲመጣ ግን የሞተ ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ ይቀመጣል፤ ስምም ቁጥርም የሌለው ብረት ሁሉ ዘመዱ ይሆናል። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። ጎጆ ከተማ ውስጥ ደረጀ የሚባል ስልክ ጠጋኝ አገኘ። ባኮ ውስጥ ኦቦ ቶለራን አገኘ፤ ዕድሜያቸውን በወፍጮ ቤት ሞተር ላይ የጨረሱ፣ አሁን ጡረታቸውን በሬዲዮ ላይ የሚጨርሱ ሽማግሌ ናቸው። ከዚሁ ከአምቦና ከግንጪም የተወሰኑ ተጨመሩ። ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈቱ፤ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮም አዘጋጁ።

ቆርቆሮው በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይዞራል። የደረሰው ሰው ትሪ ላይ ይዘረግፈዋል፣ ፎቶ አንስቶ ለቡድኑ ይልካል፣ የሚፈልገውን ያነሳል፣ የማይፈልገውን ይጨምራል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ይሰደዋል። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ሰው ሌላው የጣለውን ይዞ ተጠቀምኩ ብሎ ይተኛል። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ካለ «ስም ያልወጣለት» ይባላል። በፎቶው ላይ ይከራከራሉ፤ ስሙን መጀመሪያ ያወቀ ይወስደዋል። እስኪታወቅ ድረስ ግን ማንም አያነሳውም። ያላቸው ሕግ ይኸው አንዱ ነበር።

እኔም የዚህ ቡድን አባል ነኝ። ቆርቆሮውን ከመናኸሪያ የማመጣው እኔ ስለሆንኩ ገመቹ አስገባኝ። አነባለሁ፣ ዝም እላለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት የፊዚክስ መምህራችን ስለ ኤሌክትሪክ ሊጀምሩ ሲሉ ነው፤ ስለዚህ የእነዚህን ሰዎች ክርክር ልጄን እያጠባሁ ሳነብ የቀረብኝን ክፍል ከኋላ ወንበር ሆኜ የምከታተል ይመስለኛል። ስሜን አያውቁትም። ለእነሱ «ሃዳ ሲፈን» ነኝ፤ የሲፈን እናት ማለት ነው። ለመናኸሪያ ረዳቶችም፣ ለጎረቤትም እንደዚያው ነኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ሲፈን ስትወለድ የእኔን ስም ለጊዜው ያስቀመጥኩት እንጂ የጠፋብኝ አልመሰለኝም።

አንድ ቅዳሜ ቆርቆሮው ከጎጆ መጣ። ገመቹ ጠረጴዛው ላይ፣ ትሪ ውስጥ ዘረገፈው። ፎቶ ሊያነሳ ሲል የሥራ ባልደረባው አባት ማረፋቸው ተነገረው። ትሪውን በሰፌድ ከደነና «ስመለስ አነሳዋለሁ» ብሎ ለቀብር ወጣ። ለቅሶ ቤት ስልክ መክፈት ነውር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ጠባዩ እኮራበት ነበር።

ደመና ጠቆረ። ገመድ ላይ ያለ ልብስ ነበረኝ፤ ልሰበስብ ወጣሁ። የቆየሁት ልብስ ለመሰብሰብ የሚፈጀውን ያህል ነው። ሲፈን ግን በዚያው ሳምንት የጠረጴዛ ዳንቴል ሲጎተት ከላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚመጣ ደርሳበት ኖሯል። ስገባ ትሪው ወለሉ ላይ ተገልብጧል፤ ሰፌዱ በር ሥር ተንከባሏል፤ ልጄ በብረትና በሽቦ መሀል ተቀምጣለች። አፏ ተዘግቷል። ገና አንድ ዓመት ያለፋት ልጅ አፏን ግጥም አድርጋ ስትቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል።

በጣቴ ከፈትኩት። ጥርስ አለ፣ ምላስ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ይህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ የመጨረሻውን ፎቶ፣ ደረጀ በዋዜማው ጎጆ ከተማ ሆኖ ያነሳውን፣ ከፈትኩ። ከወለሉ ላይ አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው እያጎነበስኩ፣ ከፎቶው ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ተገኘ። አንድ ብቻ ቀረ፤ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል። ስም ያልወጣለት። ሶፋውን አነሳሁ። ምንጣፉን ገለበጥኩ። የሲፈንን ልብስ አራገፍኩ፤ ጫማዋ ውስጥ ሳይቀር ፈለግሁ።

ለሃጯ ይወርዳል። ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ሰሞኑን ሁሉ ይወርዳል፤ የዛሬው ግን የበዛ መሰለኝ። አለቀሰች፤ አሟት ነው አልኩ። ዝም አለች፤ ብሶባት ነው አልኩ። ገመቹ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቡድን ውስጥ ጻፍኩ። ፎቶው ላይ ክቡን ነገር በቀይ ከበብኩና «ይህ ምንድን ነው? ቶሎ ንገሩኝ» አልኩ።

ቡድኑ ደስ አለው።

«ሃዳ ሲፈንም ገባችበት። እንኳን ደህና መጣሽ፤» አለ የግንጪው።

«ከሙዚቃ ፖስትካርድ የወጣ ድምፅ ማውጫ ነው።»

«ኧረ ማግኔት ነው።»

«የሰዓት ባትሪ ድንጋይ ነው ብዬ ከትናንት ጀምሮ እየጮህኩ ነው፤ ማን ይሰማኛል።»

«ድንጋይ ከሆነ ጠርዙ ላይ መስመር አለው። ሃዳ ሲፈን፣ የገመቹን ቴስተር አምጪና ቀዩን ጫፍ ከላይ፣ ጥቁሩን ከታች አስነኪው። ምን ይላል?»

«ያወቅሽው እንደሆነ ያንቺ ነው፤» አለ ሌላው፤ የሳቅ ምልክት አስከተለ።

ክፉ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ሰው ጥያቄ የሚሰማው በለመደው ጆሮ ነው። እነዚህ ሰዎች «ይህ ምንድን ነው» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ የሚሰሙት እንደ ጨዋታ ነው፤ የእኔንም እንደዚያው ሰሙት። ጻፍኩ፦ «ማስነካት አልችልም። ሲፈን ውጣው ይሆናል።»

የሳቁ ምልክት ወዲያው ተሰረዘ። 

ከዚያ «ማን ነው ይህን የጨመረው?» የሚል ጥያቄ መጣ። አንድ ጊዜ ከቆርቆሮው ውስጥ ጥሩ ትራንስፎርመር የተገኘ ጊዜ «እኔ ነኝ የላክሁት» ያሉት ሰዎች ብዛት ትዝ አለኝ። አሁን ሁሉም ያነባል፣ ማንም አይናገርም። ከስክሪኑ ላይ «ደረጀ እየጻፈ ነው» የሚል ብቅ አለ። ጠፋ። ደግሞ ብቅ አለ። ደግሞ ጠፋ።

ስልኬ ጮኸ፤ ኦቦ ቶለራ ናቸው።

«ሃዳ ሲፈን፣ ስሙን ተይው፤» አሉኝ። «ድንጋይ ከሆነ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ሞቷል የተባለውም ያቃጥላል። እንድታስመልስ እንዳታደርጊ። ያዢያትና ሐኪም ቤት ሂጂ። እኛ እንደሆን ስንከራከር እንኖራለን። ደፊ፣ ማለቴ ፈጠን በይ ልጄ።»

ባጃጁ ሌላ ሰው ልጨምር ሲል ፊቴን አየና ተወው። ሆስፒታሉ ውስጥ ካርድ የምታወጣው ልጅ «ምን ዋጠች?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋት። እሷም አጎንብሳ አየችና «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ዶክተሩ ጋ ስገባም እንደዚሁ። ከተማው ሁሉ የዚያ ቡድን አባል የሆነ መሰለኝ። ዶክተሩ ግን ብዙ አልተመራመረም። «ድንጋይ ነው ብለን እንነሳ፤ አሁኑኑ ራጅ» አለ።

ራጅ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር እየተነሳ ነው ተባለ። ይህን ቃል በሰላሙ ቀን ሰምታችሁት ይሆናል፤ እየተነሳ ነው ማለት ቁልፉን የያዘው ሰው እየተፈለገ ነው ማለት ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሲፈንን አቅፌ ትንፋሿን እሰማለሁ። ደረጀ ደወለ።

«ሃዳ ሲፈን... ነገሩ እኮ እኔ ጋ ነው።»

«የቱ ነገር?»

«ክቡ። ፎቶውን ካነሳሁ በኋላ ወሰድኩት። ሱቅ ሞክሬው ስሙን ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?»

«ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሁሉም እያየ... ሌባ እንዳልባል ፈራሁ።»

ልመርቀው ወይስ ልርገመው ሳልወስን «ፎቶውን ላክልኝ» አልኩት። ላከ። መዳፉ ላይ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ያንኑ ይመስላል። ግን ክብና የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ክብና የሚያብረቀርቅ ነገር ይመስላል። ስም ቢኖረው፣ ከላዩ ላይ የተጻፈ ነገር ቢታይ፣ «አዎ፣ እሱ ነው» እል ነበር። ደግሞም ደረጀ ደግ ሰው ነው፤ የሚያጽናና ውሸት የሚዋሹት ደጎች ናቸው። አንድ ጊዜ ለራሱ ሲል ዝም ያለ ሰው አሁን ለእኔ ሲል እየተናገረ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ከወንበሩ አልተነሳሁም።

ገመቹ ነጠላውን ትከሻው ላይ እንዳጣፋ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ስልኩን ሲከፍት ጥሪዬንና ቡድኑ ላይ የጻፍኩትን አይቶ ነው። ሲፈንን ተቀበለኝ። ፎቶውን አሳየሁት፤ «ይሄማ ድንጋይ...» ብሎ ሊጀምር ሲል ቀና ብሎ አየኝና አፉን ዘጋ።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሲፈን እየጮኸች ተያዘች፣ ምስሉ ወጣ። የራጁ ባለሙያ ምስሉን እያየ «ይሄ ክብ ምንድን ነው?» አለ።

ገመቹ ግድግዳውን ያዘ። በዚያች ትንሽ ደረት መሀል ጥርት ያለች ክብ ነጥብ ተቀምጣለች። ባለሙያው ወደ ልጅቷ ዞረ፣ ሸሚዟን በጣቱ ገለጥ አደረገ፤ የሸሚዟን የብረት ቁልፍ አየ። «እናት፣ አውልቂላት» አለኝ ቀስ ብሎ። እንደገና ራጅ ተነሳች። ምንም የለም። ዶክተሩም አይቶ ምንም የለም አለ። «ምንም የለም» የሚለው ቃል እንደዚያን ዕለት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ክቡ ነገር የሰዓት ድንጋይ ነበር። ደረጀ ሞክሮ፣ አረጋግጦ፣ ይቅርታ ጠይቆ ለሁሉም አሳወቀ። ቆርቆሮው ውስጥ የጨመረው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ቡድኑ አዲስ ሕግ አወጣ። ድንጋይ የሚባል ነገር ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም፤ ሌላውም ቢሆን እያንዳንዱ ዕቃ የላኪው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍበታል። ሁሉም ተስማማ። ገመቹም ቆርቆሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ጀመረ።

በሚቀጥለው ዙር ቆርቆሮውን ከመናኸሪያ ስቀበል ባዶ መሰለኝ። ከፈትኩት። ከሥሩ አንድ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ኦቦ ቶለራ ይላል። ሌላ ምንም የለም። የማይፈልገውን ነገር መስጠት ሁሉም ይወዳል፤ ከማይፈለግ ነገር ላይ ስሙን ማየት ግን የሚፈልግ የለም። ቡድኑም ዝም አለ። ገመቹ ማታ ማታ ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ ያ ቆርቆሮ በገባበት በጠፋ ብዬ የጸለይኩት ሴትዮ፣ ከኋላ ወንበር የምከታተለው ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ ተቋረጠብኝ።

በሌላ ቀን አልጋ ሥር ስጠርግ አንዲት ጥቁር፣ ሦስት ቀጫጭን እግር ያላት ነገር ከመጥረጊያው ጋር ወጣች። በፎቶው ላይ የለችም፤ ከየትኛው ዙር ወድቃ እንደቀረች አይታወቅም። የአክስቴ ክንድ እጄ ላይ መጣብኝ፤ አጥሩን ቀና ብዬ አየሁት።

ካርቶን ቆረጥኩ፣ በፕላስተር ለጠፍኳት፣ ከሥሯ ጻፍኩ፦ «ስሟን አላውቀውም። ሦስት እግር አላት። አልጋ ሥር ተገኘች።» ከዚያ «የላከችው» ብዬ ቆም አልኩ። «ሃዳ ሲፈን» ልል እስክሪብቶው ሄደ፤ መለስኩት።

«ሌሊሴ» ብዬ ጻፍኩ። የቆርቆሮውን ክዳን በጨርቅ ጠፍሬ አሰርኩና ለባኮው አውቶቡስ ረዳት ሰጠሁት።