በአምስት ዓመቷ የወለደች እናት

ሰው በቡድን ሲሆን ዕድሜ የለውም። ሠርግ ቤት ከሰዉ ጋር እየጨፈራችሁ «ስንት ዓመትህ ነው?» ያላችሁ አለ? ለብቻችሁ ጥግ ይዛችሁ ስትቀመጡ ነው ጥያቄው የሚመጣው። የሕይወት ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። አሠሪ ሠራተኞቹን በጅምላ ሲያስገባ ስም ቆጥሮ ያልፋል። ከሥራ ወጥታችሁ ያንኑ ዋስትና በግሌ ልቀጥል ስትሉ ግን፣ መቼ ተወለድክ፣ ብትሞት ገንዘቡ ለማን ይሰጥ፣ ምንህ ናት፣ እሷስ መቼ ተወለደች ይባላል። እኔ አቡዳቢ፣ አል ካራማ ባለ አንድ ክሊኒክ ቢሮ ለዓመታት ይህንኑ ቅጽ ሳስሞላ ኖሬያለሁ።

ያ የወረርሽኝ ሰሞን መቼስ ሕልም ነበር። ማክሰኞና ዓርብ አይለዩም። ከመስኮቴ ሆኜ እርግቦች አስፋልቱ መሀል ተዝናንተው ሲቀመጡ አያለሁ፤ የሚያባርራቸው መኪና የለም። አል ዐይን ያለው ቅርንጫፋችን ተዘጋና የጽዳት ሠራተኛችን ዘይነባ ከሥራ የወጣችው ያኔ ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ እዚያው አል ዐይን፣ አል ኸቢሲ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ስኳር አለባት። ዋስትናዋን በሠላሳ አንድ ቀን ውስጥ ወደ ግል ካዞረች ያለ ምርመራ ይቀጥልላታል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ስኳሯን አይቶ የሚቀበላት የለም። አገር ቤት ደግሞ እጇን የሚያዩ እናት አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን እናቴ ምን ትበላለች?» አለችኝ በስልክ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ስለተዘጋ ፓስፖርቷንና የእናቷን መታወቂያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሞልቼ አስተላለፍኩ።

ከኢንሹራንሱ አንድ ጨዋ ሰው ደወለ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እኚህ እናት ልጃቸውን ሲወልዱ አምስት ዓመታቸው ነበር» አለኝ።

ቆጠርኩ። እውነቱን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እትዬ ሉባባ ዘይነባን የወለዷት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዘይነባም ከአገር የወጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደላላው ግን ፓስፖርት ሲያወጣላት ሃያ አምስት አስደረጋት። እናትየው ደግሞ ቀበሌ ዕድሜ ሲጠየቁ፣ የሴት ነገር፣ ሁለት ዓመት ቀንሰው አስጻፉ። ልጅ ወደ ላይ፣ እናት ወደ ታች እያሉ ወረቀት ላይ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸው። ላስተካክል እንዳትል የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ የተሠራው በዚያው ፓስፖርት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የግል ዋስትና ክፍያ ደግሞ በዕድሜ ስለሚጨምር፣ ላልኖረችው ዘጠኝ ዓመት ጭምር መክፈሏ ነው። ዓለም ሁሉ «አንድ ዓመት ተሰረቅን» እያለ ሲያለቅስ፣ እኔ የዚህችን ልጅ ዘጠኝ ዓመት አስብ ነበር። የሆነ ቦታ፣ ምናልባት የአል ዐይን ተምር ዛፍ ጥላ ሥር፣ ተቀምጠው የሚጠብቋት ይመስለኛል።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ገንዘቡን ለፈለገችው ሰው ማውረስ ትችላለች፤ «እናት» የሚለው ብቻ አያልፍም አለ። እህት በላት አለኝ፤ ነገ የዝምድና ማስረጃ ቢጠየቅስ ብዬ ፈራሁ። ታዲያ ጓደኛ ይሁን አለ። ለዘይነባ ብነግራት አለቀሰች።

«እናቴን ጓደኛዬ ናት ልበል? ኸላስ ጋሼ፣ ይቅር።»

የቀረን አንድ ቀን ነበር። ብቻዬን እንደማላሳምናት ሳውቅ እናቷንም መስመሩ ላይ አስገቢልኝ አልኳት። ለእትዬ ሉባባ ሁሉንም አስረዳሁ።

«ወንድሜ» አሉኝ፣ «ልጅ ሆና ወጥታ ቤቴን ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ። ወንድሞቿን ያስተማረች እሷ። ብታመም ‹መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ› ብላ የምትቆጣኝ እሷ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜው እንቢ ካለ እናት እሷን በልና እኔን ልጅ ብለህ ጻፈኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ብቻ ጓደኛ አይባል» አለች ዘይነባ። እኔም ቅጹን እንደገና ከላይ ወደ ታች አነበብኩት።

ቅጹ እናት፣ አባት፣ ባል፣ ልጅ፣ እህት እያለ ይወርድና ከታች አንዲት ትንሽ ሳጥን አለችው፤ «ሌላ» የምትል። እሷ ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁት፤ ተቀበሉት። እትዬ ሉባባ በኢንሹራንሱ መዝገብ እስከ ዛሬ የዘይነባ «ሌላ» ናቸው።