የአየር ጠመንጃዬና የአማቴ ዘይት

ዕቃ የገዛን ሰው "እንኳን ደስ አለህ" ማለት እንችልበታለን። መኪና ከሆነ ጎማውን ረገጥ ረገጥ አድርገን፣ ሶፋ ከሆነ ተቀምጠን ነጠር ነጠር ብለንበት፣ መርቀን እንሄዳለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ "ያ ሶፋ እንዴት ሆነ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ለትዳርም ያው ነን፤ ሠርጉን ጨፍረን፣ የቀረውን ለባለቤቶቹ እንተዋለን። ዕቃም ሰውም የሚታወቀው ደግሞ ከምርቃቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም ባይጠይቀኝም፣ ከዓመታት በፊት ስለገዛሁት የአየር ጠመንጃ ልንገራችሁ። ጠይቃችሁኛል እንበል።

የገዛሁት በአይጥ ምክንያት ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ ጎመን ተከልኩ፤ እኔ ሳልቀምሰው አይጦች ቀመሱት። ሻጩ፣ ይሄኛው እንደ ድሮዎቹ በሞላ ሳይሆን በታመቀ ጋዝ ነው የሚሠራው፣ አፈሙዙን ወደ ታች አጥፈህ ታቀባብላለህ፣ ዕድሜው ረጅም ነው ብሎ አሞገሰልኝ። ያላሞገሰው ነገር ቢኖር፣ እንደኛ ባለ ሰፈር ጓሮ ውስጥ መተኮስ አለመፈቀዱን ነው። እሱን ያወቅሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጠመንጃው ቁም ሳጥን ገባ፣ አይጦቹ ጎመኑን ጨረሱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኛ ቤት ዳዋውም አልተመታም።

ዕቃው ሥራ ያገኘው አማቴ ሲመጡ ነው። ሻምበል በየነ ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ ጽጌ፣ ከአዲስ አበባ አመጣቻቸው። መጥተው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። "አባባ፣ እንውጣ?" ስንላቸው "ደህና ነኝ።" "አባባ፣ በረደዎት?" ስንላቸው "ደህና ነኝ።" ደህና አልነበሩም። ልብሳቸው ከሳምንት ሳምንት እየሰፋቸው ሄደ፤ ጽጌ ሥራ ቦታዋ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ አልቅሳ ነበር የምትገባው። ሰውየው ዓይናችን እያየ ሊጠፉብን ነበር።

አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ነገር ስፈልግ ጠመንጃው ዱብ አለ። ሻምበል ከወንበራቸው ተነሡ።

"ማነው ይህን መሣሪያ እንዲህ አቧራ ያለበሰው?" አሉ።

ሳንጠይቃቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ለዚያውም ተቆጥተው! እንዴት ደስ እንዳለን ልነግራችሁ አልችልም።

ጋሽ ኃይሉ የሚባል ወዳጄ ከታኮማ ወጣ ብሎ፣ መተኮስ የማይከለከልበት ሰፊ መሬት ላይ ዶሮ ያረባል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መሄድ ጀመርን። ሻምበል ትከሻቸው ስለማይችል አፈሙዙን የማጥፈው እኔ ነኝ፤ ተኳሹ እሳቸው ናቸው። የጠመንጃውን ጠባይ ከጠየቃችሁኝ፣ ጨምድደው ሲይዙት አይወድም። ሲተኮስ ወደፊትም ወደኋላም ይንፈራገጣልና፣ ለቀቅ አድርገው ካላስደገፉት ዒላማውን ይስታል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ያሉት ስለሱ ይመስለኛል። ሻምበል ቶሎ ገባቸው። ካርቶን ላይ የሣልነውን ክብ መሐል መሐሉን ይሉት ጀመር። መብላት ጀመሩ። ከዚያም አልፈው አውራ ጎዳናው ላይ አነዳዴን መተቸት ጀመሩ፤ አውቶቡስ ነድቼ የማድር ሰው መሆኔን እያወቁ።

ችግሩ ውልወላው ነበር። ሻምበል ወታደር ናቸው፤ ዘይት ያልነካው መሣሪያ ለሳቸው ፊቱን ያልታጠበ ልጅ ነው። ከተኩስ በተመለስን ቁጥር አፈሙዙ ውስጥ ዘይት ያንቆረቁሩለታል። ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠመንጃው ቧ! ብሎ ጮኸ፣ ጭስ ተፋ፣ የጋሽ ኃይሉ ዶሮዎች ተበተኑ። ሻምበል ፈነደቁ። "አሁን ገና ጠመንጃ ሆነ!"

ጠመንጃ መሆኑ ብዙ አልቆየም፤ ጥይቱ ካርቶኑ ጋ ሳይደርስ መውደቅ ጀመረ። ለሻምበል ሳልነግር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ጠጋኙ አፈሙዙን አሸተተና ዘይት የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአየር ጠመንጃ ውስጥ የገባ ዘይት ግፊቱ ሲያርፍበት ይቃጠላል፤ ጩኸቱና ጭሱ እሱ ነው፣ አየሩን የሚያምቀውን የውስጥ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውንም ይበላዋል። ቀየረልኝና፣ ዘይቱ ካልቆመ ተመልሰህ ትመጣለህ አለኝ። ተመልሼ ሄድኩ።

"ለምን አትነግራቸውም?" ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ንገሯቸው! ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ውስጥ ያሳለፉ ሰው፣ የሚስቴ አባት፣ እኔ ከጠጋኝ የሰማሁትን ይዤ "አያያዝ አያውቁም" ልበላቸው? አማች ለዚህ ምን አፍ አለው? ጽጌም አስጠንቅቃኛለች። "አባባ ላይ ሳቅ ያየሁት ገና አሁን ነው፤ ሶ አንተ ልታሳፍርብኝ ነው? ፕሊስ ተወው።" ተውኩት። ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው?

አንድ ቅዳሜ ሻምበል ተኮሱ፤ ጥይቱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ደገሙ፤ ወደቀ። ጠመንጃውን ቀስ ብለው እጄ ላይ አስቀመጡት።

"በቃ፣ ዓይኔም ሄዷል" አሉ። "ከእንግዲህ ወዲህ አታድክመኝ።"

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ ከመስኮቱ የሚነሡ አልሆኑም። ያን ጊዜም ቢሆን አፌን ከፍቼ መንገር አቃተኝ። ስለዚህ የኛ ሰው አፉ ሲያዝበት የሚያደርገውን አደረግኩ። ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ ኃይሉን ኮል ሳደርግለት፣ "ለዘይት?" አለኝ።

"ለዘይት።"

"ኦኬ። ግን ብቻዬን አይሆንም፣ ደንብ አለው፤ ሰው ይዤ እመጣለሁ።"

እሑድ ከጸሎት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሽበታም ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከራቫት አሥረው፣ ሳሎን መሐል ቆሙ። "ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም" አሉ። ሻምበል እነሱን አዩ። እኔን አዩ። ወንበሩን ይዘው ተነሡ።

"ገብቶኛል፣ አትቸገሩ" አሉ። "ሸክም መሆኔን አውቃለሁ። ዴንቨር ያለችው ሌላዋ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ።"

ጽጌ ከወጥ ቤት "አባባ!" ብላ ጮኸች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ኃይሉ መንገዱን ሙሉ ያሰናዳው ንግግር ጠፍቶበት፣

"ኧረ በጌታ! እኛ የመጣነው ስለ ዘይት ነው!" አለ።

"ስለ ምን?"

"ስለ ጠመንጃው ዘይት። ይሄ በአየር የሚሠራ ነው፤ ዘይት ሲገባው ውስጡ ይቃጠላል። የደከመው መሣሪያው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።"

የሻምበልን ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ "ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ከኔ ይሻላል፣ አባባ" አለ ጋሽ ኃይሉ።

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ይህን ካወቅህ ቆይተሃል?"

"ቆይቻለሁ። ክብርዎን እንዳልነካ ብዬ ነው።"

"ክብሬን ስትጠብቅ እኔን ልታሳውረኝ ነበር!" አሉ። "ስማ ልጄ፣ ጥፋቱ የማይነገረው የሞተ ሰው ነው። እኔ እኮ አልሞትኩም።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ።