ፕሬዚዳንቱ በልተዋል ወይ?

ዛሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ «በላ» የሚል ቃል አመለጠኝ። የመሪ ውሎ ካላጣራ እህል የማይወርድለት ጡረተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ጓደኛዬ «የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሸዋ ሮቢትን ተኝተው ነው ያለፏት» ብሎ ከተማዬን አዋረዳት፤ እኔ ደግሞ ከመኪና ወርደው ማንጎ በልተዋል ባይ ነኝ።

መዝገብ ቤት ሄጄ ሠራተኛዋን «ልጄ፣ ፕሬዚዳንቱ በከተማችን ያለፉበትን ዕለት ውሎ አውጪልኝ፤ እዚህ በልተው እንደሆነ ላጣራ» አልኳት።

ክው አለች። «ጋሼ፣ ኦዲተር ነዎት እንዴ? እኛ የበላ ሰው አላየንም!»

«ቢበሉማ ለከተማችን ክብር ነበር!»

ይባስ ደንግጣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ፋይሉንም አቧራውን ጠርጋ አቀረበችልኝ። ፋይሉ «በሰላም አልፈዋል» ከማለት በቀር ስለ ማንጎም ስለ እንቅልፍም አያነሳም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ተነሥቶልኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ክብሩ ጣመኝ። «ኦዲተር አይደለሁም» የምትለዋን ቃል ለልጅቷ ሳልከፍላት ወጣሁ፤ ዕዳዋ እስካሁን አለብኝ።