አባቴ በማን ጋቢና ይሂድ?

ሰው በማያውቀው ሰው አይቀናም። በባዕድ አገር ንጉሥ ቀንቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የሚቀናው ከአንድ ገበታ አብሮት በበላ፣ ያጠረውን ሱሪ ባወረሰው፣ ይባስ ብሎ መሪ አያያዝ ራሱ ባስተማረው ሰው ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ታናሽ ወንድሜ ሳህሌ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነው፤ እኔ ከወልቂጤ ቡታጅራ ሚኒባስ እነዳለሁ። ቀንቻለሁ። ይኸው ተናገርኩት፣ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሳህሌ ገና መንዳት ሲማር ፍሬን የት እንዳለ ሳያውቅ ነዳጅ የሚረግጥ ጉድ ነበር፤ ስንት ቀን በኩርኩም አስተምሬዋለሁ። ከዚያ ቡታጅራ አንድ ጋራዥ ገብቶ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ቆየ። ቀጥሎ እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እኛ ሱቅ ከፈተ የሚል ወሬ ስንጠብቅ፣ እሱ ለካ የውድድር መኪና መካኒክ ሆኗል። አንድ ቀን ነጂያቸው ታሞ ቀረና እስቲ አንተ ሞክራት አሉት። ሞከራት። በመጀመሪያ ውድድሩ ከአሥራ አራት መኪና አሥራ አንደኛ ወጣ። አሥራ አንደኛ መውጣት እልል ያስብላል? አባቴ ግን በግ አረደ። ልጁ በኋላ ስድስተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ሄዶ ሄዶ ዋንጫ አነሳ።

የሚወዳደሩባቸው መኪኖች ደግሞ እነዚያ መሬት ላይ የተለጠፉት ባለ አንድ ወንበሮች እንዳይመስሏችሁ። እኔና እናንተ መንገድ ላይ የምናያቸው ዓይነት የቤት መኪኖች ናቸው፣ ሆዳቸው ብቻ ተለውጧል። ይገፋፋሉ፣ ይተሻሻሉ፣ ዞረው ዞረው የተነሱበት ቦታ ይቆማሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እኔ ከወልቂጤ ስነሳ ቢያንስ ቡታጅራ እደርሳለሁ። ለእሱ ጎማ የሚቀይሩለት አራት ሰዎች አሉት፤ እኔ ያለኝ አንድ ክሪክና አንድ ድንጋይ ነው። የቡታጅራ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሙደሲር ግን ይህ አይታየውም። ስልኩን አውጥቶ የሳህሌን ቪዲዮ ለተሳፋሪዎቼ እያዞረ፣ ማሻአላህ፣ የዚህ ሰውዬ ወንድም እኮ ነው ይላቸዋል። ተሳፋሪው ቪዲዮውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሚኒባሷን ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ቪዲዮውን ያያል። እኔን የሚያመኝ ይህ መመለሱ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ግን ሳህሌ የማይነካው አንድ ነገር ነበረኝ። አባቴ የሚኖረው ቡታጅራ ነው። ለመስቀል ግን እንደማንኛውም ጉራጌ ቀዬው መግባት አለበት፤ ቀዬአችን አገና አጠገብ ነው። በየዓመቱ ይዤው የምገባው እኔ ነኝ። ጋቢና ከጎኔ ይቀመጣል፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ከፍ ያደርጋል፣ ልጁ አባቱን ይዞ ሲገባ አገር ያያል። ዋንጫ ይሏችኋል ይህ ነው።

ዘንድሮ ሳህሌ ለመስቀል መጣ፤ ነጭ የኪራይ መኪና ይዞ። እኔም ሚኒባሷን ሁለት ጊዜ አሳጠብኳት። አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ከግቢ ሲወጣ የጋቢናዬን በር ከፈትኩ። ሳህሌም የእሱን ከፈተ። ሽማግሌው መሃል ቆሞ ግራና ቀኝ ተመለከተ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ ፍራሹንና ቅቤውን አንተ ጫን ብሎኝ ተመልሶ የሳህሌ መኪና ውስጥ ገባ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ያሉት ለካ ለእኔ ነው።

ቅቤው ደግሞ የዋዛ ቅቤ አልነበረም። ባለቤቴ አረጋሽ ከሰፈር ሴቶች ጋር ውጆ የሚሉት የቅቤ ማኅበር አላት። ሁሉም በየጊዜው ቅቤ ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሳት ትወስዳለች። አረጋሽ ለመስቀል እንዲደርሳት ብላ ተራዋን ለሌላ ስታሳልፍ ከርማለች። ወስዳ፣ አንጥራ፣ በገንቦ አድርጋ፣ አፉን በኮባ አስራለች። የዘመድ አዝማዱ ክትፎ የሚጠብቀው ያንን ገንቦ ነው።

እኔ ግን የታየኝ ገንቦ አልነበረም፤ የታየኝ የአባቴ ባርኔጣ ነው፣ ከፊቴ በነጯ መኪና መስታወት ውስጥ። ነጂው ማን እንደሆነ ዛሬ ይየው አልኩና ነዳጅ ረገጥኩ። ገና ቡታጅራ ዙሪያ ያሉት የመስቃን ጋሪዎች ሳያልቁ ክላክሱን ለቅቄው አለፍኳቸው። አረጋሽ ከኋላ ቅቤው፣ ቅቤው ትላለች። እኔ መስታወት እያየሁ ነው፤ ነጯ መኪና ትንሽ ሆነች፣ ከዚያ ጠፋች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ መንደር መግቢያ ላይ ያለውን ጉብታ ያየሁት ከወጣሁበት በኋላ ነው። ገንቦው ተነስቶ ወረደና ለሁለት ተከፈለ፣ ንጥሩ ቅቤ በሙሉ ፍራሹ ውስጥ ገባ። አረጋሽ ዝም አለች። በትዳራችን እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንደኛ ገባሁ። ማን አየኝ? ማንም። ከአንድ ሰዓት በላይ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መኪናው ተበላሽቶበት ይሆን እያልኩ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ ነጯ መኪና ብቅ አለች፤ ፍየሎች ከፊቷ እየሄዱ፣ እሷ ከኋላቸው። ሳህሌ ወርዶ ጉንጬን ሳመኝና፣ በውድድር ቦታ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ አህያም የለም፤ በዚህ መንገድ በየቀኑ ነድተህ በሕይወት መኖርህ ይገርመኛል አለኝ። ከልቡ ነበር፣ እሱ ነው የባሰው። አባቴ ደግሞ ዓይኑን እያሻሸ ወረደ። በዕድሜዬ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት እጁን በመስኮት የሚያወጣው ሰላምታ ሊሰጥ አልነበረም፤ ጣሪያውን ሊጨብጥ ነው።

ክትፎው ከጎረቤት በተለመነ ቅቤ ተበላ። ከዚያ አባቴ ሊመርቅ ተነሳ፤ ሁላችንም በፊቱ ተደረደርን። አገሩን መረቀ፣ ከብቱን መረቀ፣ የሞቱትን አሰበ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ለዚህ ልጄ ፈጣሪ የወንድሙን እርጋታ ይስጥልኝ አለ።

በፍጥነቱ ዋንጫ የበላው እሱ፣ በዝግታም በለጠኝ ማለት ነው። አረጋሽ ከሴቶቹ መሃል አሜን ስትል ድምፅዋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። የአባት ምርቃት ደግሞ ተመራቂው ራሱ አሜን ካላለ አይደርስም ይባላል። ምን አደርጋለሁ፣ አሜን ልል አፌን ከፈትኩ። ሳህሌ ቀድሞኝ አሜን አለ።