ቀሚስ የለበሰው መብራት

አዲስ ዕቃ እርቃኑን ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የሌለበት ቤት የለም። በአንድ ስፌት ቤት፣ በአራቱ ሰፊዎች ክፍል ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ሽፍንፍን ናቸው። ቤታቸው ያለው የሪሞታቸው ላስቲክ አሥር ዓመቱ ነው፤ ሶፋቸው እንግዳ በተቀመጠበት ቁጥር ይንኮሻኮሻል። «ዕቃ ካልሸፈኑት ያኮርፋል» ይላሉ።

አንድ ቀን የልብስ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ የሳንባ ነቀርሳዋን ስድስት ወር ታክማ ተመለሰች። ሐኪሙ «አታስተላልፍም» ብሎ ቢጽፍም ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ሸሿት። የስፌት ቤቱ ባለቤት ቢቸግረው ባለሙያ ጠርቶ ከጣሪያው ሥር ሐምራዊ መብራት አሰቀለ። «ሰዉ ከተረጋጋ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ አሰናብታታለሁ» አለ።

«አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ባክቴሪያ ይገድላል» አለ ባለሙያው።

«እኛ ታች፣ እሱ ላይ! ጀርሙን ማን ና ውጣ ይለዋል?» አሉ እትዬ።

«ማራገቢያው አየሩን ወደ ላይ ያዞረዋል፣ እትዬ። ጨረሩ ዓይን እንዳይጎዳ ነው ከፍ ያደረግነው።»

እትዬ አልገባቸውም፤ ግን አመኑ። ሳይገባቸው ያመኑት ብዙ ነገር ስላለ አልከበዳቸውም። በማግስቱ ማሽናቸውን ጎትተው ልጅቷ አጠገብ ተከሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያው ሊያየው መጣና ቀና ብሎ ደርቆ ቀረ። መብራቱ ዳሩ የተጠለፈ አበባማ ቀሚስ ለብሷል።

«ይሄን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ! በተሰቀለ በማግስቱ፣ ጠዋት ሳይበራ። አቧራ ይብላው እንዴ?»

«እትዬ፣ ጨረሩ እኮ በጨርቅ አያልፍም! ሦስት ሳምንት በከንቱ ሲበራ ከረመ!»

ሌሎቹ ሁለት ሰፊዎች አፋቸውን በሻርፕ ሸፈኑ። ባለቤቱ ልጅቷን አየ። ልጅቷ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እትዬ ተደናገሩ። «ታዲያ እኔን ማን ሲጠብቀኝ ከረመ?»

«ልጅቷ እኮ ድናለች» አለ ባለሙያው። «መብራቱ ለሚያስል ሁሉ ነው፤ ለእሷ ብቻ ማን አላችሁ?»

እትዬ መርፌና ክር ወደ ልጅቷ ዘረጉ። «በይ አስገቢልኝ፤ ዓይኔ እምቢ ብሏል።»

ልጅቷ እንደ ልማዷ የክሩን ጫፍ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችና ደንግጣ ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ያልራሰ ክር ቀዳዳ አያገኝም!»

አራሰችው፤ አስገባችው። እትዬ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ተቀብለው ያንኑ እርጥብ ጫፍ በጥርሳቸው በጠሱት፤ ቋጥረውም መስፋት ጀመሩ።

ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለሙያውን «ቀሚሱን አውልቅልን» አለው። ልጅቷን ደግሞ «ነገ እንዳታረፍጂ» አላት።