ስፌቱንና ሰሊጡን የሚያውቅ ጥያቄ

ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጻድቅ የሚሆን ሰው አታውቁም? እኔ መተማ ላይ ነርስ ሆኜ፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል ለምን እንደሚከፈት ለሚያጠና ሐኪም መጠይቅ ስሞላ ስንቱን አየሁ!

ጋሽ ሙላው መተማ አቅራቢያ ያለችው የኮኪት ገበሬ ናቸው። ቡአቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ከሄዱ በኋላ ስፌቱ ተከፍቶ ተመለሱ።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«በጭራሽ።»

«አረቄስ?»

«ስሙንም አልወድ።»

«ከባድ ሥራ ሠርተዋል?»

«ተኝቼ ነው የከረምሁ።»

አብረዋቸው የመጡትን ባለቤታቸውን አላስቻላቸውም። «ታዲያ ሰሊጡን ማን አጨደው?»

ጋሽ ሙላው አንገታቸውን ደፉ። «ደርሶ ሊረግፍ ነበር እኮ። የልጆቼ ጉሮሮ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ከወንበሬ ብድግ አልሁ። መጠይቃችን ስለ ሲጋራ እንጂ ስለ ሰሊጥ መቼ ጠይቆ ያውቃል? ሮጬ ለሐኪሙ ነገርሁት። አሁን ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሰብልዎ ደርሷል?» የሚል ነው፤ መቆየት የሚችል ሕመም ከሆነ ቀጠሮው ከአጨዳ በኋላ ይሆናል። በዚህ ጥያቄ የዋሸ ገበሬ እስካሁን አላጋጠመኝም።